በሥራ ቦታ ማዳለጥ፣ መደናቀፍና መውደቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ በወፍጮ ቤት፣ በሆቴል፣ በመጋዘን፣ በቢሮና በግንባታ ላይ ከሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ማዳለጥ፣ መደናቀፍና መውደቅ ያው አንድ አይደሉም እንዴ?

መጨረሻቸው አንድ ነው፤ መነሻቸው ግን ይለያያል። የሚያዳልጠን ጫማችን ወለሉን መያዝ ሲያቅተው ነው። ውሃ፣ ዘይት፣ ዱቄት ወይም ጭቃ በመሀል ይገባል። እግር ወደ ፊት ያመልጣል፤ ሰውየው በጀርባው ወይም በመቀመጫው ይወድቃል። የሚያደናቅፈን ደግሞ እግራችን ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ነው። እግር ይያዛል፣ ገላ ጉዞውን ይቀጥላል፣ ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ሦስተኛው ከከፍታ መውደቅ ነው። ከመሰላል፣ ከጣሪያ፣ ከተጫነ መኪና ላይ ማለት ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለመፍትሔው ነው። ላዳለጠው ሰው ወለሉንና ጫማውን እናያለን። ለተደናቀፈው መንገዱንና መብራቱን እናያለን። ከላይ ለወደቀው ደግሞ «እዚያ ላይ መውጣትስ ነበረበት ወይ?» ብለን እንጀምራለን።

ሰው ሁሉ ይወድቅ የለ? ይህን ያህል ሊወራለት ይገባል?

ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው እንደሚሞቱ ይገምታል። ሳይታሰብ ከሚደርሱ ገዳይ አደጋዎች ውስጥ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ያለው ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ቁጥሩ ቤቱንም መንገዱንም ይጨምራል። ቢሆንም የሥራ ቦታ ወለል ከዚያ የተለየ አይደለም።

እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» እንላለን። ደግ ቃል ነው፤ እወደዋለሁ። ችግሩ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ማለቁ ነው። የወደቀው ሰው ልብሱን ያራግፋል፣ እያፈረ ፈገግ ይላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ወለሉ እንደረጠበ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው እዚያችው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ እንደገና «እኔን!» ይባላል። ከ«እኔን» ቀጥሎ «ምን ጣለህ?» ብንል ብዙ እጅና እግር ይተርፍልን ነበር።

የሚወድቀው ሰው ቀልቡን ስላልሰበሰበ አይደለም?

አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ስንራመድ የጫማችን ጫፍ ከመሬት የሚነሣው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አናነሣም፤ ሰውነታችን ጉልበት ቆጣቢ ነው። ስለዚህ 2 ሳንቲ ሜትር ብድግ ያለች ሴራሚክ ጠንቃቃውንም ትጥላለች።

አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ከወደቀ ጥፋቱን ከሰዎቹ ላይ ሳይሆን ከቦታው ላይ ፈልጉት። «ተጠንቀቁ» ማለት ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። ነገር ግን ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ እግሩን እያየ ሊሠራ አይችልም።

ክረምት ሲገባ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

በሩን ያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ደጁ ሁሉ ድጥ ነው። የእኛ ዋልካ ደግሞ ጫማ ሥር ይለጠፍና የጫማውን ጥርስ ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። ያን ጊዜ አዲሱም ጫማ እንዳለቀ ጫማ ይሆናል። ያ ጭቃ ሴራሚክ ላይ ሲደርስ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ጭቃው ውጭ መቅረት አለበት።

ደጁ ላይ ጠርዙ ወደ ላይ የቆመ የጭቃ መጥረጊያ ብረት አስበይዱ። አንድ ቁራጭ ላሜራና ሁለት እግር ነው፤ የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ከእሱ ቀጥሎ ሻካራ ምንጣፍ ይነጠፍ። ርዝመቱ እያንዳንዱ እግር ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚያርፍበት ይሁን። ብዙ ቦታ የማየው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። እሱ ፕላስቲክ ነው፤ ሲረጥብ ራሱ ከነሰውየው ይንሸራተታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ከጠፋ ከጠፋ የቃጫ ኬሻ ይሻላል፤ እሱም ሲበሰብስ መቀየር አለበት።

ከዋናው በር እስከ ሥራ ክፍሉ፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱና እስከ ውሃው ያለውን መንገድ ጠጠር አልብሱት። የጣሪያ ውሃ መሄጃው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ አሸንዳ ይገጠምለት። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ውሃ የሚወርድበት ሲሚንቶ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ያ አረንጓዴ ከዘይት አይተናነስም። በሽቦ ብሩሽና በበረኪና ፈትጉት፤ በደንብ አለቅልቁት። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ግን አትቀላቅሉ።

የወጥ ቤታችን ወለል በየቀኑ ይታጠባል። ግን አሁንም ያዳልጣል። ለምን?

ምናልባት የሚታጠበው ዘይቱን በሚያሰራጭ መንገድ ስለሆነ ነው። ዘይት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትደፉ ዘይቱ አይጠፋም። ተንሳፍፎ ይሄዳል። አንድ ክንድ የነበረው ክፍሉን ሙሉ ይሆናል። በዚያው መወልወያ ደግሞ ምግብ አዳራሹ ሲወለወል ስቡ እስከ እንግዳው እግር ድረስ ይደርሳል።

መጀመሪያ ዘይቱን በደረቁ ምጠጡት። አመድ ወይም ሰጋቱራ ነስንሱበት፣ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ ጠርጋችሁ አውጡት። ቀጥሎ ሙቅ ውሃ በላርጎ ወይም በኦሞ ይፈሰስበት። ቶሎ አትግፉት፤ ጥቂት ደቂቃ ስቡን ያላቅቅ። በብሩሽ ፈትጉት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ በውሃ መግፊያ ግፉት፣ አድርቁት። ማለቅለቁን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ወለሉ ላይ የቀረ ሳሙና ራሱ ያዳልጣል። የወጥ ቤቱና የአዳራሹ መወልወያም ይለያይ፤ እጀታቸውን በቀለም ለዩት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሆቴል ወጥ ቤት ስሠራ የበዓል ዋዜማ ነበር። ዶሮ ሲገነጠል ውሎ ከምድጃው እስከ ገንዳው ባለችው ሦስት እርምጃ ላይ ስቡ ተነጥፏል። ለዓይን ምንም የለም፤ ወለሉ ያብረቀርቃል እንጂ። ሙቅ ውሃ በድስት ይዤ ስዞር ቀኝ እግሬ አመለጠኝ። ድስቱን ላለመልቀቅ ስል ክርኔን አስቀደምሁ። ውሃው ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ባልደረቦቼ «እኔን! እኔን!» እያሉ አነሡኝ፤ ቅቤ ሊቀቡኝም ፈለጉ። (ቃጠሎ ላይ ቅቤ አይቀባም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስስበታል።) ማታ ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ያቺ ሦስት እርምጃ እንደነበረች ነበረች። በማግስቱ በራሴ እጅ በአመድ ፈተግኋት።

አስተናጋጅና እንግዳ እየተመላለሰ ወለል እንዴት ይወልወል?

ግማሽ ግማሹን። ኮሪደሩ በቁመቱ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ወገን እስኪደርቅ ሰው በሌላው ይለፍ። «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚል ምልክት ጥሩ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይነሣ። ሁልጊዜ የሚቆም ምልክት ከሳምንት በኋላ የሚያየው ሰው የለም። ከተቻለ እንግዳ ሳይገባ ማለዳ፣ ወይም ምሳ ካለፈ በኋላ ወልውሉ። ሻይ ወይም ውሃ ሲፈስ ግን ሰዓት አይጠበቅም። ያየው ሰው ይቁምበት፣ ሌላው ጨርቅ ያምጣ።

ወለላችን ሊሾ ነው። ሌላው ክፍል የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። መቀየር አቅማችን አይፈቅድም። ሌላ ዘዴ አለ?

አለ። ወለሉን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም። ውሃ የሚነካቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እጅ መታጠቢያው ሥር፣ መግቢያው፣ የደረጃው ጫፍ፣ ምድጃው ፊት። እዚያ እዚያ ላይ አሸዋ ወረቀት የመሰለውን የማያንሸራትት ፕላስተር መለጠፍ ወይም ከሥሩ የሚይዝ የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ ይቻላል። ሊሾ ከሆነ ግንበኛ ጠርቶ ያቺን ቦታ ብቻ ማሻከር ነው።

አዲስ ለምትሠሩ ግን አደራ፦ ሱቅ ገብታችሁ ሴራሚክ ስትመርጡ በሚያብረቀርቀው አትማረኩ። አንዱን ናሙና መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በጫማችሁ ርገጡት፣ ግፉት። ደረቅ ሆኖ ሁሉም ጥሩ ነው።

ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጤማም ያዳልጣል?

ያዳልጣል፤ ጥያቄውን የጠየቃችሁኝ ሰዎች እውነታችሁን ነው። አፈር ወለል ላይ ቄጤማ ችግር የለበትም። ሴራሚክ ላይ ግን ሌላ ነው። እርጥብ ሆኖ ይመጣል፣ ሲረገጥ ጭማቂው ይወጣል፣ ግንዱ እግር ሥር ይንከባለላል። በዚያ ላይ ሲኒ በትሪ ይዛ የምትመላለስ ልጅ አለች።

ቄጤማውን አስቀሩ አልልም። ያለ እሱ በዓሉ በዓል አይመስልም። ረከቦቱ ዙሪያና ጥግ ጥጉ ላይ ይጎዝጎዝ። አስተናጋጆች የሚመላለሱበት መንገድ፣ የደረጃው ጫፍና በሩ ፊት ባዶ ይሁን። ከመጎዝጎዙ በፊት ውሃው ይራገፍ። ማታ ተጠርጎ ይውጣ፤ የተኛ ቄጤማ ይባስ ያዳልጣል።

ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?

ሥሩ ጎማ የሆነ፣ ጥርስ ያለው፣ ተረከዝን ጥርቅ አድርጎ የሚይዝ። ሸበጥ ለሥራ አይሆንም። እግር ውስጥ አይቆይም፤ ሲረጥብ እግሩም ከጫማው ላይ ይንሸራተታል። ቦቲ ለጭቃና ለማጠቢያ ቦታ ጥሩ ነው፤ ግን ልክ ይሁን። አንድ ጥንድ ቦቲ ለአምስት ሠራተኛ ሲዞር አይቻለሁ። 42 ቁጥር ጫማ ያደረገች 37 ቁጥር እግር መደናቀፏ አይቀርም። ዘይት ባለበት ቦታ ለምትሠሩ ስትገዙ ዘይት የሚቋቋም ሥር እንዳለው ጠይቁ።

ሥሩን በወር አንዴ ገልብጣችሁ እዩ። ተረከዙ ወይም ፊቱ ላይ ጥርሱ አልቆ ለስልሶ ከሆነ ያ ጫማ የሥራ ዘመኑን ጨርሷል። ላዩ አዲስ ቢመስልም።

ወፍጮ ቤትና እህል መጋዘን ውስጥ ዋናው አደጋ ምንድን ነው?

ሁለት ነው፦ እግር ሥር ያለውና ትከሻ ላይ ያለው። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ የተበተነ ዱቄት እንደ ሕፃናት ፓውደር ያንሸራትታል። የተበተነ በቆሎ ወይም አተር ደግሞ ከጫማ ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል። በየተወሰነ ሰዓቱ መጥረግ ሥራ ማስፈታት አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። የተቀደደ ጆንያ ቶሎ ይሰፋ።

ትከሻ ላይ ያለው ኩንታል ነው። መቶ ኪሎ የተሸከመ ሰው በተሸከመበት ወገን አያይም። እግሩን አያይም። ቢያዳልጠው ራሱን የሚያድንበት እጅ የለውም። በዚህ ሁኔታ አንዲት ጣውላ ላይ ተራምዶ መኪና ላይ ይወጣል። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የእህል መጫኛ ቦታ ላይ አንድ ማለዳ ብትቆሙ ጣውላዋ በእያንዳንዱ እርምጃ መሀሏ ሲረግብ፣ የተሸካሚው ቁርጭምጭሚት ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። ጣውላዋ ቢያንስ ሁለት እግር ጎን ለጎን የሚያስቆም ስፋት ይኑራት። ላይዋ ላይ በየእርምጃው ቀጭን እንጨት ይመታባት። ጫፏ ከመኪናው ጋር ይታሰር። ዝናብ ሲመጣ መጫን ይቁም፤ እርጥብ ጣውላ ላይ ኩንታል አይወጣም። ከተቻለ በ50 ኪሎ ይሞላ።

ቢሮ ውስጥስ ምን አደጋ አለ?

ከሚታሰበው በላይ። ወለል አቋርጦ የሚሄድ የኤክስቴንሽን ገመድ፣ ያልተዘጋ የታችኛው መሳቢያ፣ ጫፉ የተቀለበሰ ምንጣፍ፣ ኮሪደር ላይ የተከመረ የፋይል ካርቶን። ገመዱን በግድግዳው ጥግ አሳልፉት። ምንጣፍ ሥር አትደብቁት፤ ሊግም ይችላል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለ ፋይል ለማውረድ ጎማ እግር ባለው ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው። አንድ ጠንካራ በርጩማ ለክፍሉ ግዙ።

ደረጃው ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሰው ይደናቀፋል። ምን ይሆን?

ሜትር ይዛችሁ የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል ወይም ያንሳል ብዬ እገምታለሁ። እግር ሁለት ሦስት ደረጃ ሲወጣ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አያይም። በ1 ሳንቲ ሜትር የተለየችው ደረጃ ትጥለዋለች። ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ወይም የመጀመሪያዋ ናት፤ ግንበኛው የተረፈውን ከፍታ ያቻቻለባት። ማስተካከል ካልተቻለ ጫፏን ደማቅ ቢጫ ቀቡ። መያዣ ብረት ይኑር፤ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እጅ የሚይዝ ሸክም አይወሰድ።

መብራት ድንገት ሲጠፋስ?

ቁሙ። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ በደንብ ለመልመድ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል። ደረጃው፣ መጋዘኑና ወጥ ቤቱ ላይ በራሱ የሚበራ ባለ ባትሪ መብራት ይሰቀል። የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዛል፤ ስለዚህ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

መሰላል እንዴት ነው የሚቆመው?

አራት ለአንድ። መሰላሉ የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀ እግሩ ይሸሻል። ጣሪያ ላይ ለመውጣት ከሆነ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ፤ ሰው ሲሻገር የሚይዘው ነገር ይኑረው። ላዩ ይታሰር። እስኪታሰር ድረስ ሰው ሥሩን ይያዝ። ሲወጡ ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር መሰላሉ ላይ ይሁን። ዕቃው በገመድ ይጎተት።

የባሕር ዛፍ መሰላል ከሆነ መርገጫዎቹን እዩ። በሚስማር ብቻ የተለጠፉ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው ሚስማሩ ብቻ ነው። መርገጫው ቋሚው ውስጥ ተቦርቡሮ የተቀመጠ መሆን አለበት። ዝናብ ላይ የከረመ መሰላል ሚስማሩ ይዝጋል፣ እንጨቱ ውስጡን ይበሰብሳል። አንድ መርገጫ ከጎደለው ለማገዶ ይዋል።

በአጣና የተሠራ የግንባታ መወጣጫ አደገኛ ነው? ብረቱን መከራየት አንችልም።

አጣና በራሱ ጥፋት የለበትም። የሚገድለው አሠራሩ ነው። ቋሚዎቹ ለስላሳ መሬት ላይ ይተከላሉ፣ ሌሊት ይዘንባል፣ ጠዋት አንዱ ወደ ታች ሰምጧል። ቋሚው ሥር ሰፊ ጣውላ ወይም ድንጋይ ይነጠፍ። ቋሚውና አግዳሚው በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ወይም በገመድ ይታሰር። ማገናኛው ላይ ሰያፍ ድጋፍ ይኑር። መወጣጫው ከሕንፃው ጋር በየተወሰነ ርቀት ይያያዝ። አዲስ የተላጠ አጣና እንደሚያዳልጥ አትርሱ፤ ላዩ ላይ አይኬድም። መረማመጃው ጎን ለጎን የተገጠመ ጣውላ ይሁን፤ ጫፍና ጫፉ ይታሰር። የተንጠለጠለ ጣውላ ጫፉን ሲረግጡት ይዞ ይወርዳል።

ጠርዙ ላይ ወገብ የሚደርስ፣ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መከለያ ይደረግ። ሁለት አጣና ናቸው። ይህችን ሁለት አጣና ለመቆጠብ ሲባል የሚጠፋውን ሕይወት ሳስብ ያንገበግበኛል። ሁለት ሜትር ብዙ አይመስልም፤ በጭንቅላቱ ለወደቀ ሰው ግን ይበቃል። ፎርማኑ በየጠዋቱ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ እንደገና፣ ማንም ከመውጣቱ በፊት ይፈትሸው። ሴፍቲ ቤልት ካለም የሚታሰረው ከጠንካራ የሕንፃ አካል ጋር ነው። ከዚያው ከአጣናው ጋር የታሰረ ቤልት ሰውየውን ከአጣናው ጋር ይዞት ይወርዳል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስንሠራ የቱን እንርገጥ?

ሚስማሩ የተመታበትን መስመር፤ ከሥሩ እንጨት አለ። ብርሃን የሚያስገባውን ፕላስቲክ ቆርቆሮ ግን በጭራሽ አትርገጡ። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አቧራ ይሸፍነዋል፣ ከቆርቆሮው ጋር ይመሳሰላል። የረገጠው ሰው በቀጥታ መጋዘኑ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። ከመውጣታችሁ በፊት ከውስጥ ሆናችሁ የት የት እንዳለ ቁጠሩ።

ሰው ቢወድቅ መጀመሪያ ምን እናድርግ? ወጌሻ ቤት እንውሰደው?

አትጎትቱት። ለማንሣት መጣደፍ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው። አጠገቡ ተቀመጡ፣ አናግሩት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘው፣ ከከፍታ ከወደቀ አታንቀሳቅሱት፤ እርዳታ ጥሩ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰው፣ ከተወዛገበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወዲያው ሆስፒታል። ለጊዜው ደህና ቢመስልም ያን ሌሊት ብቻውን አይደር።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙ ሰው ይቆጣኛል፤ ሆኖም እናገራለሁ። አያቶቻችን በወጌሻ እጅ ድነዋል፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን አጥንት መሰበሩን ወይም አለመሰበሩን በእጅ ማወቅ አይቻልም። መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም ሊያጣ ይችላል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሳታድሩ ፍቱትና ሆስፒታል ሩጡ። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ።

ሠራተኛው ወድቆ ቢጎዳ ወጪው የማን ነው? «ጥፋቱ የራሱ ነው» ማለት ይቻላል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ጭምር ነው። ስለዚህ «እኔ ምን አደረግሁ?» የሚለው መልስ ብዙም አያስኬድም። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በአቅራቢያ ወዳለው ሕክምና ማድረስና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

የደኅንነት ጫማ ሰጥቼው ነበር፤ አላደረገውም። አሁንም እኔ ነኝ ተጠያቂው?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀምና መመሪያ የማክበር ግዴታ አለበት። ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት አሠሪውን አይመለከትም። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪሳነው ሰክሮ ሥራ መግባት እዚያ ውስጥ ይታያል።

ጥያቄው ግን «በግልጽ» የሚለው ቃል ላይ ነው። መመሪያው ተነግሮታል? በሚገባው ቋንቋ? የሰጣችሁት ጫማ ልኩ ነበር? ሳያደርግ ሲሠራ አለቃው አይቶ ዝም ብሎ ነበር? ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ያየ አለቃ አደጋው ሲደርስ መመሪያ ነበረን ቢል ማን ያምነዋል? መመሪያውን በጽሑፍ ስጡ፣ አስፈርሙ፣ ከሁሉ በላይ በየቀኑ አስከብሩ።

የቀን ሠራተኛ ነኝ። የተጻፈ ውል የለኝም። ብወድቅ መብት አለኝ?

አለህ፤ አለሽ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በአሠሪው መሪነት በደመወዝ መሥራትህ ነው ዋናው። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያሉትን ነገሮች ያዝ፦ አብረውህ የነበሩትን ሰዎች ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቦታውን ፎቶ፣ የመጀመሪያውን ቀን የሕክምና ካርድ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ «ሥራ ላይ ሆኜ ነው የወደቅሁት» በል፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ብዙ ልጆች አሠሪውን ላለማስቀየም «ቤት ነው የወደቅሁት» ይላሉ። በኋላ ያቺ አንዲት መስመር ትጥላቸዋለች። መፍትሔ ካጣህ ወደ ወረዳህ ወይም ወደ ከተማህ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ሂድ። የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም መብትህን የምትጠይቅበት የጊዜ ገደብ፣ አለውና አትቆይ።

አዳልጦት ሳይወድቅ የቀረ ሰውስ ይመዘገባል?

ይመዘገባል፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። አንድ ደብተር በር ላይ ስቀሉ። ቀን፣ ቦታ፣ ምን አዳለጠው ወይም ምን ጠለፈው። የሰውየው ስም አያስፈልግም። ስም ከተጻፈ ሰው ይደብቃል። ሰው ሲያፍር ወይም ደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ሲፈራ ደብተሩ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ደብተር ያለው ድርጅት ደግሞ ደኅና ነኝ ብሎ ያስባል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ደብተሩን አንብቡ። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ከመጣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያ ቦታ ይስተካከል። ማን እንደሚያስተካክለው ስሙ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ በዚህኛው ዓምድ ላይ ስም ያስፈልጋል።